በቅዝቃዜ ያልተቆረጠው ክር

ውድ ዋጅዲ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ በስድብ አይጀመርም ብላ እናቴ ስላሳደገችኝ ነው። ስድቡን ትንሽ ወረድ አድርጌዋለሁ፤ ታገኘዋለህ።

መልእክትህ ደርሶኛል። "በቅናት አጠፋሽኝ" ብለሃል። ደጋግሜ አነበብኩትና ሳቄ መጣ። በምንህ ልቅና? ቱኒስ ዳር ላ ማርሳ ላይ ባሕር በሚያይ ቤትህ? በክራባትህ? በዚያ አንድ ቁም ነገር ሳይዝ አንድ ሰዓት በሚናገር አፍህ? በአፍህስ ድሮ ቀንቼ ነበር፣ አልዋሽህም። አሁን ግን አፍህን ሳስበው የሚመጣብኝ ቅናት ሳይሆን ማቅለሽለሽ ነው።

ስለዚህ ቁጭ በልና አንብብ። ረጅም ነገር ማንበብ እንደማትወድ አውቃለሁ። በስልጠናው ጊዜ የሰጠሁህን ወረቀት ሁሉ ገለጥ አድርገህ "ባጭሩ ምን ይላል?" ትለኝ ነበር። ዛሬ ባጭሩ የሚል ነገር የለም።

አማካሪ መምህራችን ሲ ሆማይድ ከስፋክስ ዩኒቨርሲቲ ካፌ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍላችን ገብተው ወሬውን የነገሩን ቀን ትዝ ይልሃል? ትንፋሽ አጥሯቸው ነበር። "ልጆቼ፣ ሳተላይታችሁን በነጻ ሊያመጥቁላችሁ ነው!" አሉ። ግማሾቻችን ጠረጴዛ ላይ ወጣን። ከዚያ "አንድ ግዴታ አለው" ብለው ስለ ስልጠናው ነገሩን። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በኢንተርኔት፣ ከየአገሩ ሳተላይት የሚሠሩ ተማሪዎች በሙሉ የጥራት ቁጥጥር ይማራሉ፤ ያልተማረ ቡድን ሮኬቱ ላይ አይጫንም።

"ጥራት ደግሞ ምን ስልጠና ያስፈልገዋል?" አልክ አንተ። "ጥሩ ነገር ሲታይ ያስታውቃል! እኔን እዩኝ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሲ ሆማይድ የጥራት ኃላፊ ማን ይሁን ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ሰው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አንተ ግን ፈጠን አልክ። "ሶንዶስ ትሁን! ቤታቸው ሄጄ አይቻለሁ፣ ሳህን እንኳ በመጠኑ ነው የምትደረድረው።" ለአንተ ያ ቦታ እቃ እንደ ማጠብ ነበር፤ ሰው ሁሉ በልቶ ከተነሳ በኋላ ለሴት የሚተው ሥራ። እኔ ግን ወደድኩት። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ወደድኩት።

ኢልዘን ማለቴ ነው የወደድኩት። ያቺ ብራስልስ ተቀምጣ፣ ቀዝቃዛ ሻይዋን እየጠጣች፣ ሳትቸኩል የምታስተምረንን ሴት። አንድ ቀን "ሙከራ ላይ አንድ ነገር አልሠራ ቢላችሁ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?" ብላ ጠየቀች። ከአስዩት የገባ ግብጻዊ ልጅ "እናስተካክለዋለን" አለ።

"አይደለም" አለች። "መጀመሪያ ትቆማላችሁ። ከዚያ ለሁሉም ትናገራላችሁ። ማስተካከል ሦስተኛ ነው። የሚወድቁ ቡድኖች ሁሉ ከሦስተኛው የጀመሩ ናቸው።"

አንተ ይህን አልሰማህም። አንተ ወደቡ አጠገብ ካለው ካፌ ስልክህን ከስኒው ጋር አስደግፈህ፣ ድምጹን ዘግተህ፣ ካርታ ትጫወት ነበር። ኢልዘ አንዴ በስምህ ጠርታ "የስፋክሱ ቡድን መሪ ምን ይላል?" ብትልህ፣ ድምጽህን ከፍተህ "በጣም ጥልቅ ጥያቄ ነው፤ በእኛ ባህልም ጥራት ትልቅ ቦታ አለው" አልክ። ከኋላህ አስተናጋጁ "ሁለት ካፑሲን ቡና! አንዱ ያለ ስኳር!" ብሎ ሲጮህ ከኢስታንቡል እስከ አስዩት ያለ ተማሪ ሁሉ ሰማ። ያን ቀን ልጆቹ በአንተ የሳቁ መስሎህ አያውቅም። አንተ ሰው የሚስቀው ሁልጊዜ ከአንተ ጋር እንጂ በአንተ አይመስልህም።

የስልጠናውን ምስክር ወረቀት ግን ከማናችንም ቀድመህ ፍሬም አስገባኸው። በወርቅማ ፍሬም! ግድግዳው ላይ ስትሰቅለው ሎትፊ መዶሻውን ይዞልህ ነበር። ሎትፊ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይይዝልህ ነበር። ዝምተኛ ልጅ፣ የመቀበያ ጣቢያውን ብቻውን ጣሪያ ላይ የተከለ፣ ሰው "ሰላም" ሲለው የሚደነግጥ።

በዚያው ሰሞን ነው እናትህ ላላ ዙሁር የበቅላዋ ጣፋጭ ይዘው ቤታችን የመጡት። ለእጮኝነታችን ፋቲሓ ተቀራ፣ ቀለበት አጠለቅክልኝ። አባቴ "ልጁ አንደበተ ርቱዕ ነው" አለ። ምን ያድርግ ታዲያ፣ ያየው አንደበትህን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዓሳው ቤት እንግባ። እዚያ እንድገባ የማትፈልግ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምገባው።

ሳተላይታችን ኑራስ በሁለት መዳፍ የምትያዝ ሳጥን ነበረች። አንቴናዋ እንደ መለኪያ ሜትር ተጠቅልሎ በቀጭን ክር ታስሯል። ሰማይ ላይ ስትደርስ አንዲት ትንሽ ሽቦ ትግልና ክሩን ትቆርጠዋለች፤ አንቴናው ይዘረጋል። ክሩ ካልተቆረጠ ኑራስ ዲዳም ደንቆሮም ናት፤ የዓመታት ልፋት ማለት ከአንድ ድንጋይ አይለይም። ሰማይ ላይ ብርድ ስላለ በብርድ መሞከር ነበረብን። ለዚያ የሚሆን ማሽን ስላልነበረን፣ የሎትፊ አጎት ከሚሠራበት የወደቡ የዓሳ ማቀዝቀዣ ቤት ቦታ ለመንን። ኑራስን በላስቲክ ጠቅልለን ከሰርዲን ሳጥኖች መሃል አስቀመጥናት። አንተ ካፖርት ደርበህ አፍንጫህን በሻርፕ ይዘህ በሩ ላይ ቆመህ ነበር። ሎትፊ ሙቀት መለኪያውን ይዞ ውስጥ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ስንሞክር ተከፈተ። እቅፍ አድርገኸኝ ጮህክ። ሁለተኛ ስንሞክር ሽቦዋ ጋለች፣ ክሩ ጠቆረ፣ አልተቆረጠም። ሦስተኛም አልተቆረጠም።

"ቆመናል" አልኩ እኔ። "ሰኞ ለኢልዘ እንጽፋለን።"

"ምን ብለን?"

"ሦስት ጊዜ ሞክረን ሁለቴ ወድቋል ብለን።"

ያኔ የተናገርከውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ እንደ ቀልድ እነግራቸዋለሁ። "አንዴ ተከፍቷል አይደል? ጠፈር ላይ የሚከፈተውም አንዴ ነው!" አልክ። ቀልደህ አልነበረም። የምርህን ነበር። የምህንድስና ተማሪ፣ የቡድን መሪ፣ ባለ ወርቅማ ፍሬም።

"ዋጅዲ፣ ይህ እኮ እድል መሞከር አይደለም" አልኩህ።

"ስሚኝ ሶንዶስ፣ ሐሙስ ከሚኒስቴር ሰዎች ይመጣሉ። ጋዜጠኛ ይመጣል። ክር አልቆረጥ አለን ልበላቸው? የሙከራውን ሪፖርት ፈርሚ በቃ።"

አልፈረምኩም። ሲ ሆማይድ ጋ ሄድን። "ልጆቼ፣ እናንተው ተስማሙ" ብለው መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። በማግስቱ ቡድኑን ሁሉ ሰበሰብክና፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ "ሶንዶስ ትንሽ ትረፍ። የሰርግ ጭንቀት ነው፤ ሴት ልጅ ሰርጓ ሲደርስ ሁሉም ነገር የጎደለ ይመስላታል" አልክ። ሳቁ። እጮኛህን ለጓደኞችህ መሳቂያ አድርገህ ሰጥተህ፣ እጅህን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረግክ ደግሞ! ያልሳቀ ሎትፊ ብቻ ነበር። ጫማውን ነው ሲያይ የነበረው። ከዚያ የጥራት ኃላፊነቱን ራስህ ወሰድክ፤ ሦስቱም ሙከራ ተሳክቷል ብለህ ራስህ ፈረምክ።

ቀለበቱን ለእናትህ መለስኩ። ላላ ዙሁር በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ለአንድ ክር ብለሽ?" አሉኝ። "አዎ ላላ፣ ለአንድ ክር ብዬ" አልኳቸው። እንባቸው መጣ። የሚገርምህ፣ ከመላ ቤተሰባችሁ እስካሁን የምወዳቸው እሳቸውን ነው። በዒድ ጠዋት የዘቢብና የሽንኩርቱ ወጥ፣ ሸርሙላ፣ ሲሸተኝ ትዝ ይሉኛል።

ኑራስ ስትመጥቅ አዳራሹ ሞልቶ ነበር አሉ። እኔ አልመጣሁም። ንግግር አድርገህ፣ ተጨብጭቦልህ፣ ከሰዎቹ ጋር ፎቶ ተነስተህ። ከዚያ ዝምታ። ሎትፊ ጣሪያው ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ኑራስ በስፋክስ ሰማይ ባለፈች ቁጥር ሲጠብቅ ከረመ። ለሳምንታት። አንዲት ድምጽ አልመጣችም።

ይህን ሁሉ ይቅር ልልህ እችል ነበር። ሰው ይሳሳታል፣ ይፈራል፣ ይዋሻል። ሳተላይት ደግሞ ይሞታል። ይቅር የማልልህ ቀጥሎ ያደረግኸውን ነው። ጋዜጠኛው ሲጠይቅህ "ሳተላይቷ ደህና ናት፤ የመቀበያ ጣቢያው ኃላፊ ሎትፊ ገርቡጅ አንቴናውን በተሳሳተ አቅጣጫ ስላዞረው ነው ያልሰማናት" አልክ። በስሙ! በአባቱ ስም! ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩ ላይ ሲያልፍ "ደንቆሮው መጣ" ይሉት ጀመር። የመጨረሻ ዓመቱን ሳይጨርስ ቀረ። አንተ በዚያው ወር ቱኒስ ሥራ አገኘህ።

ዓመታት አለፉ። እኔ ጋቤስ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመርኩ፤ ተማሪዎቼም ሳተላይት እንሥራ አሉ። ሸይማ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ፤ የቡድኑ መሪ ናት። ቁጡ፣ ጥርሷን ነክሳ የምትሠራ። ስልጠናው ላይ አስመዘገብኳቸው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሁላችንም አንድ ትልቅ ስክሪን ፊት ተደርድረን ተቀመጥን። ተማሪዎቼ ኢልዘን ይጠብቁ ነበር፤ ስለ እሷ ብዙ ነግሬያቸው ነበርና።

ስክሪኑ በራ። አንተ።

"ሰላም የነገ ጠፈርተኞች! እኔ ዋጅዲ እባላለሁ፤ የጥራት ጉዳይ አሠልጣኛችሁ ነኝ።"

ድንቄም! ካርታ ተጫዋቹ! ቡናዬ ትን አለኝ። ኢልዘ አድጋ የስልጠናው ሁሉ ኃላፊ ሆና ነበር፤ አንተን የቀጠሩህ ሰዎች ደግሞ ወረቀቱን አዩ እንጂ ካፌውን አላዩም። ቀና ብለህ፣ ድምጽህን ወፈር አድርገህ፣ የኑራስን ታሪክ አወራህላቸው። "በቅዝቃዜ ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቴም ተሳክቶልናል። ግን አንድ ደካማ ሰው ሥራን ሁሉ ገደል ይከታል። ሎትፊ የሚባል ልጅ ነበር..." አልክ። ሸይማ በደብተሯ "ሎትፊ" ብላ ስትጽፍ አየኋት። ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ስሙ ጋቤስ ድረስ መጥቶ፣ በማታውቀው ልጅ ደብተር ላይ፣ የስንፍና ምሳሌ ሆኖ ሲጻፍ።

ማይክሮፎኑን ከፈትኩ። "ሦስቴም ተቆረጠ ክሩ?"

ድምጼን አወቅከው። ፊትህ ሲቀየር አየሁት። "...ሦስቴም" አልክ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ፣ እህቴ። ጥያቄዎችን ወደ መጨረሻ እናቆያለን።"

እህቴ! የጥያቄው ጊዜ አልመጣም፤ ያን ቀን ቶሎ ጨረስክ። ግን ኢልዘ አሠልጣኞቿን አልፎ አልፎ ዝም ብላ ገብታ ታዳምጣለች፤ ያን ቀንም ነበረች። ሰኞ ደወለችልኝ። ምን ማለቴ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። "አንቺን ብቻ ሰምቼ አልፈርድም፤ እዚያ የነበረውን ሁሉ ሰብስቤ እጠይቃለሁ" አለች።

ሎትፊን ፍለጋ ስፋክስ ሄድኩ። ከአሮጌው ከተማ በር ከባብ ዲዋን አጠገብ ስልክ የሚጠግንባት ሱቅ አለችው። ሲያየኝ ደነገጠ፤ በርጩማ ሰጠኝና ሳልናገር "አውቃለሁ ለምን እንደመጣሽ" አለኝ። "ዋጅዲ ደውሎልኛል።"

"ምን አለህ?"

"ሥራ አለ አለኝ። ቱኒስ፣ እሱ ድርጅት ውስጥ። ጥሩ ሥራ ነው።"

"በምን ምክንያት?"

ዓይኑን የፈታታው ስልክ ላይ ተክሎ ቀረ። "ስጠየቅ አንቴናውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ እንድል።"

"ሎትፊ!"

"ምን ላድርግ? ሁሉም ሰው ያመነው ነገር ነው። በነጻ ሲሰድቡኝ የኖሩበትን ነገር በደመወዝ ብናገረው ምን ይጎዳል? ልጅ ተወልዶልኛል፣ ሶንዶስ። ኑራስ እንደሆነ ሞታለች።"

"እኔ እውነቱን ነው የምናገረው።"

"ተናገሪ" አለኝ። "ግን እወቂው፤ የምትነጥቂው የእሱን አይደለም፣ የእኔን ዳቦ ነው።"

ወጥቼ ወደ ጋቤስ በሚመለሰው ሉዋጅ ታክሲ ተሳፈርኩ። አየህ፣ ትንሽነትህ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሰውን ስም ወስደህ ስትጨርስ፣ ተመልሰህ መጥተህ ራሱ በአፉ እንዲያጸድቅልህ በተቸገረበት በኩል ገባህ። ሌባ እንኳ የሰረቀውን ሰው ደረሰኝ ስጠኝ አይለውም።

ኢልዘ በኢንተርኔት በጠራችን ስብሰባ ላይ እንዴት እንደነበርክ ልንገርህ፣ ራስህን ስለማታይ። ከኋላህ መጽሐፍ ደርድረህ፣ በሁለት ቋንቋ እየቀላቀልክ፣ ሦስቱም ሙከራ እንደተሳካ ተናገርክ። እኔ ስለ ዓሳው ቤት ስናገር በሐዘኔታ ራስህን ነቀነቅክ። "ኢልዘ፣ ሶንዶስ የቀድሞ እጮኛዬ ናት። ይገባሻል መቼም፤ ቁስሉ አልሻረም" አልክ። ሲ ሆማይድ ጡረታ ወጥተዋል፤ ከኋላቸው የካናሪ ወፋቸው ትዘምር ነበር። "ብዙ ጊዜ ሆነው፤ አላስታውስም" አሉና ወፏን ዝም ሊያሰኙ ዞሩ።

ከዚያ የሎትፊ ተራ ሆነ። ሱቁ ውስጥ ቆሞ ነበር። የተፈታ ስልክ አንስቶ መግጠም ጀመረ።  አንተ ፈገግ ብለህ "አይዞህ ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ተናገር" አልከው። እኔ እንደማስበው ያቺ "ወንድሜ" ናት ያጠፋችህ።

"አንዴ ተከፈተ" አለ ሎትፊ። "ሁለቴ አልተከፈተም። መለኪያውን ይዤ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዋጅዲም በሩ ላይ ቆሞ እያየ ነበር።"

ኢልዘ ቀስ ብላ "ለምን ያኔ አልተናገርክም?" አለችው።

"ያኔ የጠየቀኝ ሰው የለም" አለና ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቀዋለህ። ከአሠልጣኝነት አወጡህ፣ ለየቡድኑም እርማት ጻፉ። ለእኔ "አጠፋሽኝ" ብለህ ጻፍክልኝ። ለሎትፊ ደግሞ "ቦታው ተይዟል" አልከው። በቃ ይህን ብቻ! ከሁሉም በላይ የናቅኩህ በዚህ ነው፤ ተሸንፈህ እንኳ በማን ላይ መበቀል እንደሚቀልህ አላጣኸውም።

ሎትፊ በዚያው ሳምንት ጋቤስ መጣ። ሊያመሰግነኝ አልነበረም። በሩ ላይ ቆሞ "እንግዲህ አንቺ እውነቱን ተናግረሻል፣ ኪራዩን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ" አለኝ።  እኔ እውነት ተናግሬ ነበር፤ እሱም እውነቱን ነበር።

ያን ቀን እኛም ለቅሶ ላይ ነበርን። የሸይማ አንቴና በቅዝቃዜ አልከፈት ብሎ፣ ልጆቹ ራሳቸው ቆመው፣ ራሳቸው ለኢልዘ ጽፈው፣ ሮኬቱ ጥሏቸው እንዲሄድ ተስማምተው ነበር። ሸይማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ዲኑ ጠዋት ጠርተው "ትንሽ እንኳ ማለሳለስ አትችሉም ነበር?" ብለዋት ነበር። "አልችልም" ብላቸው ወጥታለች። የሚቀጥለው ሮኬት መቼ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሎትፊ ቁጣውን እንደያዘ ገብቶ አያት።  ከዚያ "የመቀበያ ጣቢያው ላይ ማን አለ?" ብሎ ጠየቃት።

ሸይማ አፍንጫዋን ጠረገች። "ማንም። የሚያውቅ ሰው የለንም። አንተ ማነህ?"

"ሎትፊ ገርቡጅ።"

ስሙን በደብተሯ የጻፈች ልጅ ናት። ቀና ብላ አየችው፣ ወንበር ሳበችለት። ከዩኒቨርሲቲው ለምኜ ትንሽ ክፍያ አስፈቅጄለታለሁ፤ አንተ ከጠራህለት ደመወዝ ሩቡን አይሆንም። ከእኔ ጋር ከሥራ ውጭ አያወራም። እንዲያወራኝም አልጠይቀውም፤ የቀረበትን እኔ አልከፈልኩለትም።

ይህን የጻፍኩልህ ይቅርታ እንድትጠይቀኝ አይደለም። የአንተን ይቅርታ ምን አደርገዋለሁ? ሁለተኛ ለእኔ አትጻፍ። መናገር ካማረህ ለሎትፊ ደውልለት፤ ከእነ አባቱ ስም እንዳዋረድከው ከእነ አባቱ ስም ጠርተህ የዋሸኸው አንተ እንደሆንክ ንገረው። የምትደውል አይመስለኝም። ብትደውል ግን ቅዳሜ አይሁን። ቅዳሜ ስልክ አያነሳም፤ ሥራ ላይ ነው።

ሶንዶስ
ጋቤስ